ስልክ ራሱ የሚያነሳ ሣጥን

ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ወልጄ ነው፤ በማታ ትምህርት፣ ከአስተማሪዬ በዕድሜ በልጬ። ይህን የማነሳው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ቢቸና ላይ ከእጄ የወጣ ነገር ሁሉ በዚህ እየተመዘነ ስለሚቀል ነው።

ቀን ወፍጮ ቤት እውላለሁ። ዱቄቴን አራግፌ ስገባ ቤቴ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ትጠብቀኛለች፤ እርሳስ ማቅለጫ ካውያ፣ ከሞቱ ራዲዮኖች የነቀልኋቸው ሽቦዎች፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች። ሰሌዳዎቹ ትእዛዝ ይጻፍባቸዋል። የተጻፈላቸውን ይሠራሉ፣ ያልተጻፈላቸውን አይሠሩም። ከሰው የምመርጣቸው ለዚህ ነው። ጎረቤቶቼ ግን ብልጭታ ባዩ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ምን ልታፈነዳ ነው?» ይሉኛል።

ሥራዬን ከቁም ነገር የቆጠረልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሞጣ ላይ ስልክ የሚጠግነው የሚስቴ ወንድም። ሰሌዳ ሲያገኝ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለአውቶቡስ ሹፌር ይሰጥና ይደውልልኛል። «አማቼ፣ ደረሰህ? ሳታቃጥለው መጀመሪያ ጠይቀኝ እንጂ!»

የዕድራችን ዳኛ ጆሯቸው ከብዷል። ስልካቸው ሲጮህ አይሰሙም፤ ቢሰሙም የቱን እንደሚነኩ ግራ ይገባቸዋል። ሰው በሞተ ቁጥር የዕድሩ ጸሐፊ ቤታቸው ድረስ መሄድ ነበረበት። ጸሐፊው ደግሞ የተማረ ሰው ነው፤ ዳገት አይወድም። ስለዚህ ሣጥን ሠራሁላቸው። ሲም ካርድ የሚጎርሰውን ሰሌዳ አማቼ ከሞጣ ላከልኝ። ጸሐፊው ሲደውል ሣጥኑ ራሱ ያነሳል፤ ድምፁም በማጉያ ቤቱን ይሞላል። መብራት እንዳሻው ስለሚጠፋ ባትሪ አስገባሁበት፤ በምንም ምክንያት ዝም እንዳይል። ከሁሉ ይልቅ በዚያ ባትሪ ኮርቼ ነበር።

ዳኛው ወደዱት። «ይኼ ልጅህ ከእኔ ልጆች ይሻላል። ሲጠሩት አቤት ይላል» አሉኝ።

ክረምቱ ሲገባ ማጉያው ያንኮራፋ ጀመር። ልጠግነው ወደ ቤቴ ወሰድሁት። ለዳኛው ነገርኋቸው፤ እሺ አሉ። መስማታቸውን እንጃ። ለጸሐፊው ደወልሁ፤ አላነሳም። የእኔን ስልክ አንስቶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ነው። ሚስቴ በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ እኔ አዲሱን ማጉያ ገጥሜ ሣጥኑን ሶኬት ላይ ሰክቻለሁ። ሣጥኑ አነሳ፤ የጸሐፊው ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«ጋሼ! ይሰማሉ? ከሞጣ ተደውሎልኝ ነው። የዚያ ሽቦ ለቃሚ ሚስት፣ ወንድሟ አርፏል…»

ሶኬቱን ነቀልሁት። ባትሪው ቀጠለ።

«…ቀብሩ ነገ ነው። በማለዳ ተሰብስበን እናረዳታለን፣ መኪናም ይዣለሁ። ለሴቶቹ እንዳይነግሩ። አደራ ጋሼ፣ እሷ ጆሮ እንዳይገባ!»

አንድ ቃል አልተዋጠም። ማጉያውን በደንብ ጠግኜዋለሁ።

ሚስቴ እጇ በርበሬው ላይ ቀረ። ሞጣ ደወልሁ፤ ስልኩን ያነሳው ልቅሶ ነው። አማቼ ትንሽ አሞኛል ያለኝ በዚያው ሳምንት ነበር። እኔንም ያረዳኝ እሱ ራሱ የላከው ሰሌዳ ሆነ።

እሪ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ሣጥን ስለነገረኝ አላለቅስም» አለች። «ለወንድሜ ሰው ይመጣል። ሰው ሲነግረኝ አለቅሳለሁ።»

የጸሐፊውን አንገት ልይዝ ስነሳ በሩን ዘጋችብኝ። «እንዳልሰማሁ ይሁን። የወንድሜን መርዶ እንዳታበላሽብኝ!»

በሯን ዘግታ፣ ለማንም ሳትናገር አደረች። ያን ሌሊት አልጽፈውም።

ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ዳኛው ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን እንደምንም ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እንግዲህ ቻል አድርጊው፤ ወንድምሽ…» አሉ። አፏን ከፈተች። የወጣ ነገር የለም። ልቅሶዋን ሌሊቱን በጥርሷ ይዛው አድራ፣ ልልቀቀው ስትል እንቢ አላት። ሴቶቹ ፊቷን አዩ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ሞጣ ቀብሩ ላይም እንዲሁ። ሌላው ደረቱን ሲደቃ እሷ እንደ ግንድ ቆመች።

በሰልስቱ ድንኳን ውስጥ ጸሐፊው አጠገቤ ተቀመጠ። «እግዜር ያጥናህ። ያ ሣጥን ግን ጥሩ ሠርቷል! ዳኛው ከእኔ ቀድመው ደጅህ ደርሰው አገኘኋቸው።» ዳኛውን የነገራቸው ለቀብሩ የተያዘው መኪና ሹፌር ነው፤ ቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ በአፉ። ይህን ለጸሐፊው ልነግረው ስል ሚስቴ ከማዶ አየችኝ። ዋጥሁት።

ሣጥኑን መለስሁ፤ ትእዛዙን ግን እንደገና ጻፍሁበት። አሁን ሰው በእጁ ካልተጫነው አይናገርም። ዳኛው ደግሞ ሲጠራ አይሰሙትም። «ልጅህ ምነው አቤት ማለት ተወ?» ይሉኛል። «ሥርዓት ያዘ» እላቸዋለሁ። ጸሐፊው ዳገቱን በእግሩ ይወጣል።

እሷን ግን ምን ላድርጋት? ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ወሬ ይቆማል። ማኅበር ላይ አንዷ «ወንድሟን እንደ ሩቅ ዘመድ ቀብራው መጣች» ስትል በጆሮዋ ሰምታለች። ያን ቀን ነጠላዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

«ዝም በል ያልሁህን አንስቻለሁ። የሆነውን ሁሉ ጻፈው» አለችኝ።

ጻፍሁት። አነበብሁላት። ስለ ወንድሟ ያለው ላይ ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አቆምሁ። ቀጥል አለችኝ። ስጨርስ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ዞረች።

«ጸሐፊው ያነበው ይሆን?»

«ማንበብ እንኳ ከእኔ ቀድሞ ነው የቻለው» አልኋት።