ከምድብ የወጣችው ልጅ

አሶሳ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ድርጅት የዳታ ባለሙያ ሆኜ የተቀጠርኩት ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ዓመት ነው። ሥራዬ ከየወረዳው የሚመጣውን የሕፃናት የክንድ ልኬት ኮምፒውተር ላይ በሦስት ምድብ መክፈል ነበር፤ በምግብ እጥረት በጣም የተጎዱ፣ መካከለኛ፣ ደህና። በእጅ ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረውን በአንዲት አጭር ትእዛዝ ስጨርሰው አለቃዬ ሳይቀር ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። ኮርቼ ነበር፤ አልዋሽም።

ክረምቱ ሲገባ የመንጌ ወረዳን ልኬት ከፋፍዬ፣ አልሚ ምግብ የሚሰጣቸውን ልጆች ዝርዝር ላክሁ። በማግስቱ ልጆቹን የለካችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደወለችልኝ። አፏን የፈታችው በበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛውን ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

«ወንድሜ፣ አንድ ልጅ የለም።»

«የትኛው?»

«ሴት ነው። ከሁሉም ቀጭን እሱ ነው።»

«እህቴ፣ ኮምፒውተር እኮ አይሳሳትም። ደህና ሆና ይሆናል።»

«ወላሂ፣ በእጄ ለካሁ። ኮምፒውተር ክንዱን ይዟል? እኔ ይዣለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ስሞቹን ቆጠርኩ። ከተላኩልኝ አንዱ በሦስቱም ምድብ የለም። የመጀመሪያው ምድብ መነሻ አድርጌ የሰጠሁት ከልኬቶቹ ሁሉ ትንሹን ቁጥር ነበር፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ካልታዘዘ በቀር መነሻውን ቁጥር ራሱን አይቀበልም፣ ከእሱ የሚበልጡትን ብቻ እንጂ። ትንሹ ቁጥር የልጅቷ ነበር። ከሁሉ የባሰባት እሷ በመሆኗ ብቻ ወጥታ ቀረች።

ትእዛዙን አርሜ መልሼ ሳስኬደው ስሟ መጣ።

ደውዬ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«እሺ። ምግቡን ዛሬ ላክ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

የአልሚ ምግቡን ካርቶን ወደ መንጌ በሚሄድ ሚኒባስ አስጫንኩና የቀድሞ ዝርዝሮቼን ማገላበጥ ጀመርኩ። ከሌሎች ወረዳዎችም እንደዚሁ የቀሩ ልጆች ነበሩ። እየደወልኩ አንድ በአንድ አስፈለግኋቸው፤ ሁሉም በሕይወት ተገኙ። ያን ቀን ቢሮ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መንጌ ሄድኩ። ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ሆና የመለኪያውን ሪባን በድዷ ይዛ አለቅም አለች። ሠራተኛዋ እያባበለች አስለቅቃ ለካቻት። ልኬቱ በጣም የተጎዱትን የሚያሳየውን ቀዩን አልፎ፣ መካከለኛው ቢጫ ላይ አረፈ።

«ገና ነው» አለችኝ እየሳቀች፣ «ግን አረንጓዴው ይመጣል።»