አባቴ በአገልግል ውስጥ

ሰው የሚሰደደው በሌሊት ነው ይባላል። እኔ ከሰበታ የወጣሁት ጠዋት ነው፤ ጎረቤቱ በሙሉ በየበሩ ቆሞ እያየኝ፣ በአንድ እጄ ላፕቶፕ፣ በሌላው አገልግል ይዤ። የተሰደድኩትም ሱሉልታ ነው። አትሳቁ። በደጉ ጊዜ ጠዋት ሄደው ለምሳ የሚመለሱበት አገር ነው። በዚያ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ግን መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል፣ ወጣት የተባለ ሁሉ ከየቤቱ ይለቀማል። እናቴ «ማንም የማያውቅህ ቦታ ሂድ» አለችኝ። ባስብ ባስብ ማንም የማያውቀኝ ሱሉልታ ብቻ ሆነ።

ላፕቶፑ እንጀራዬ ነው። ሰበታ በነበረችኝ ትንሽ ሱቅ በፍላሽ ዘፈንና ፊልም እየጫንኩ ነበር የምኖረው። ግን ውስጡ አባቴም አሉ። የእህቴ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን ሲመርቁ የቀረጽኳቸው ነው፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እናቴ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቄ ትመጣና ታያቸዋለች፣ ለእያንዳንዷ ምርቃት አሜን ትላለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች። የዚያን ቀን ጠዋት ላፕቶፑን ትቼላት ልሄድ ብል እሷው እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ያለሱ ምን ትበላለህ? ውሰደው። አባትህን ግን መልስልኝ።»

አገልግሉን ጭኮ ሞልታው ነበር፤ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የተለወሰ። ሚኒባስ ውስጥ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ፣ አገልግሉን ላፕቶፑ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዓለም ገናን አልፈን አየር ጤና ሳንደርስ፣ መንገዱ ላይ ጎማ ሲነድ ሹፌሩ አየና ፍሬን ያዘ፤ አጠገቤ የነበሩት ወይዘሮ ከነዘንቢላቸው አገልግሉ ላይ ወደቁ። ስክሪኑ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፣ ማጠፊያው ተገነጠለ። ጭኮው ምንም አልሆነም።

ሱሉልታ ቤት ፍለጋ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ገባሁ።

«አካም ጅርታ? ደህና ነህ? ሯጭ ነህ?» አሉኝ፤ እዚያ ክፍል የሚከራየው ሯጭ ነው፣ በጊዜ ይተኛል፣ እንግዳ አያመጣም።

«አይደለሁም ኦቦ።»

«ታዲያ ሱሉልታ ምን ትሠራለህ?»

«ከሰበታ ሮጬ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁና ቁልፉን ሰጡኝ።

ብርዱን ግን አትጠይቁኝ። ሰበታ ጠዋት በውሃው ፊት ይታጠቡበታል፤ እዚህ ውሃው ራሱ ይቆነጥጣል። በመጀመሪያው ጠዋት ከግቢ ስወጣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ይሮጣል። እኛ ሰፈር ሰው ሲሮጥ ካየህ ምክንያቱን አትጠይቅም፣ ትሮጣለህ። እኔም በነጠላ ጫማ አብሬ ሮጥኩ። አንዱ ዘወር ብሎ «ወንድም፣ ዛሬ ቀለል ያለ ልምምድ ነው፣ ቀስ በል» እስኪለኝ ድረስ አትሌቶች መሆናቸው አልገባኝም።

ላፕቶፑን ያየልኝ ጠጋኝ «ስክሪን አይገኝለትም፣ ጣለው» አለኝ። አባቴን እንዴት ነው የምጥለው? ኦቦ ቶሎሳ ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ በገመድ ስሰካው ግን ሥዕሉ ጥርት ብሎ መጣ። የሞተው ፊቱ እንጂ ሆዱ ደህና ነው። ያን ጊዜ አሰብኩ፤ ስክሪን የሌለው፣ እናቴ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ፣ አንዲት ቁልፍ ስትጫን አባቴን ብቻ የሚከፍት ማሽን እሠራላታለሁ።

ስክሪኑንና ኪቦርዱን አውልቄ ጣልኩ። ማዘርቦርዱን፣ ፋኑንና ሃርድ ዲስኩን በቁራጭ ጣውላ ላይ አሰርኩ፤ ከጣውላው እንዳይነካካም በየብሎኑ ስር የለስላሳ ቆርኪ አደረግሁ። የቀረው የማሽኑ ቤት ነበር። የብስኩት ቆርቆሮ ሞከርኩ፣ ነዘረኝ። ካርቶን ሞከርኩ፣ የሱሉልታ ጭጋግ አራሰው። ዞር ስል ጭኮው ያለቀበት አገልግል ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ክቡ ከጣውላው ጋር ልክክ አለ። ቆዳውን ለአየርና ለገመድ በሳሁት፣ የበር ደወል ቁልፍ ክዳኑ ላይ ተከልኩ። የሰበረውን አገልግል ቤት አድርጌ ሰጠሁት።

አንድ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ማሽኑ ሲሞቅ ቆዳው ውስጥ የቀረው ቅቤ ይቀልጣል። አባቴ «እደጉ፣ ተመንደጉ» ማለት ሲጀምሩ ክፍሉ በሙሉ የእናቴን ጓዳ ይሸታል። ኦቦ ቶሎሳ እየመጡ «ኩን ማሊ? ይሄ ምንድነው? ኮምፒውተሩ ቅቤ ያነጥራል እንዴ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ከዚያ ሽታ ጋር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቃችሁ።

ገመቹ የሚባል የሰፈሬ ጎልማሳ ሹፌር ሱሉልታ ድርቆሽ ሊጭን በአይሱዙ ይመጣል። መንገድ ተከፈተ ሲባል አገልግሉን ታቅፌ ከጎኑ ተቀመጥኩ። አገልግል የያዘ ሰው ዘመድ ጠያቂ ነው፣ ማን ይጠረጥረዋል? ኬላው ላይ አስቆሙን።

«ውስጡ ምንድነው?» አለ ፈታሹ።

«አባቴ ናቸው» አልኩ። ምን እንዳናገረኝ እስከዛሬ አላውቅም።

ክዳኑን ሲያነሳ ሽቦ፣ ቆርኪና የበር ደወል አየ። ወደ ኋላ ዘሎ መሬት ላይ ተኛ፤ ሌሎቹም ተኙ። ገመቹ ሳይቀር ድርቆሹ ስር ገባ። ቆሜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእናቴ ነው የምወስደው እያልኩ ስንት ከለመንኩ በኋላ አጠገባቸው ያለች ምግብ ቤት ቴሌቪዥን ላይ እንድሰካው ፈቀዱ፤ ቁልፉን ራስህ ተጫን ብለው ሁሉም ውጭ ቆሙ። ተጫንኩት። አባቴ መጡ። «ልጆቼ፣ ውጡ ግቡ፣ መንገዳችሁ የቀና ይሁን» አሉ። አዛዡ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ቆየና ኮፍያውን አወለቀ። «አሜን» አለ። ከኋላው ያሉትም አሜን አሉ።

ከዚያ መታወቂያዬን አየ።

«የሰበታ ወጣት ነህ። ማለፍ አይቻልም። አባትህ ይለፉ፣ አንተ ተመለስ።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፤ «ግን ለእናትህ ለምን በፍላሽ አልላክህላቸውም?»

ለስንቱ በፍላሽ ስጭን የኖርኩ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ አልመጣልኝም። ለገመቹ የትኛው ገመድ የት እንደሚሰካ አስረዳሁትና በእግሬ ተመለስኩ።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ከጀርባዋ ግን አባቴ ይሰማሉ። እስኪጨርሱ አብረን ሰማናቸው። አሜን ብላ ስትጨርስ «ገመቹ ዛሬ ይመለሳል፣ አገልግሉን ልኬልሃለሁ» አለችኝ።

«ለምን እማዬ? ላንቺ እኮ ነው!»

«እኔማ ጎረቤቱ አለኝ፣ የአባትህ ቤት አለኝ። አባት የሚያስፈልገው እዚያ ብቻውን ላለ ሰው ነው። ደግሞ ባዶ አገልግል ተመልሶ አያውቅም፣ ጭኮ ሞልቼዋለሁ።»

«እማዬ፣ ባዶ እኮ አይደለም፣ ኮምፒውተር አለበት!»

«ብረት ይበላል እንዴ?»

«ጭኮውን የት አደረግሽው?»

«ላዩ ላይ። ብዙ እንዲይዝልህ ቅቤውን ለቀቅ አድርጌ፣ በሽቦዎቹ መሃል ደህና አድርጌ ጠቀጠቅሁት።»

ልጮህ ነበር። «መቼ ነው የምትመጣው?» ስትለኝ ግን ጩኸቱን ተውኩት። መንገድ ሲከፈት አልኳት። «እሺ፣ ሲደርስልህ መጀመሪያ ብላ» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

ይኸው መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። አይሱዙ በመጣ ቁጥር ከድርቆሹ ሽታ መሃል ቅቤ አለ ወይ ብዬ አሸታለሁ። ሲደርስ መብላቱን እበላለሁ። ቁልፉን ለመጫን ግን ፈርቻለሁ።