ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች

መጀመሪያ የጠፋብኝ እርካቡ ነው። የእኛ አገር የድሮ እርካብ እግር ሙሉውን የሚገባበት አይደለም፤ በአውራ ጣት ብቻ የሚያዝ የብረት ቀለበት ነው። አባቴ በእሱ ጋልቦ ኖሯል፤ እኔም ከእሱ ወረስኩት። ሰው ጫማውን አጥልቆ በሰፊው እርካብ መጋለብ ከጀመረ ቆይቷል፤ ጓደኞቼም «አንተን ሙዚየም ያስገቡህ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ፈረሴን የማነጋግረው በአውራ ጣቴ ነበር። ሊዞር ሲያስብ ገና ሳይዞር በጣቴ በኩል ወሬው ይደርሰኛል።

አንድ ቀን ከእንጅባራ ወደ ጥርባ፣ ወደ ወንድሜ ቤት እየሄድኩ ነው። ቀኝ እግሬ እርካቡን የያዘ መስሎኝ ተመቻችቼ ተቀምጫለሁ። ዝቅ ብዬ ሳይ እርካቡ ባዶውን ይወዛወዛል፤ እግሬ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። መቼ እንደወጣ አላወቅኩም። አልወደቅኩም፣ ማንም አላየኝም፣ ግን እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። በኋላ ብርዱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እንጅባራ ውስጥ በብርድ የማይሳበብ በሽታ የለም።

ብርዱ ሲያልፍ ግን እግሬ አልተመለሰም። ስረግጥ ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ ግቢ ውስጥ በጆግ ውሃ ታፈስልኛለች፤ አንድ ጠዋት ሳሙናውን ፊቴ ላይ አድርጌ ዓይኔን ስጨፍን መሬቱ ከእግሬ ስር የሸሸ መሰለኝና እሷው ላይ ወደቅኩ። ጆጉም እሷም እኔም ጭቃ ውስጥ ተገኘን።

«ምነው፣ በጠዋቱ ቀመስህ እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች።

እኔም ሳቅኩ። በሌላ ጠዋት ደግሜ ስወድቅ ግን አልሳቀችም፤ ክንዴን ይዛ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። «የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ተባልኩ። የትም አያመኝም። «ታዲያ ምን ሆነው መጡ?» ምን ልበል? የማያም እግር ይዞ ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው ራሱን ማስረዳት አይችልም። ማስታገሻ ሰጡኝ፤ የሚታገስ ነገር ስላልነበረ ለጎረቤት የራስ ምታት አዋልኩት።

ከዚያ የሰው አፍ ተከፈተ። ባለፈው ጥር በፈረስ ግልቢያው በዓል ቀን ፈረሱ አምሮበት፣ እኔም አምሮብኝ ነበር፤ ያን ቀን ዓይን በላው ተባለ። የለም፣ የቆየ ነገር ነው፣ ከሐይቁ ዳር የያዘው መንፈስ ነው ያለም ነበር። ባለቤቴን አላዋቂ አድርጎ የሚያያት ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። የምታምነው በዓይኗ ያየችውን ነው፤ በዓይኗ ያየችው ደግሞ ደህና ቆሞ የነበረ ባሏ ያለ ምክንያት ሲወድቅ ነው። ወደ ጸበል ወሰደችኝ።

ካህኑ ደግ ሰው ናቸው። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው፣ ጸልየው፣ ጸበሉን ፊቴ ላይ ረጩት። ውሃ ፊቱ ላይ ሲመጣበት ዓይኑን የማይጨፍን ሰው አላየሁም። ጨፈንኩ። ወደቅኩ።

«ጣለው! ጣለው!» አለ ከኋላ የቆመው ሰው ሁሉ። «ተናገር! ከማን ነህ? ማን ላከህ?»

ካህኑ «ተዉት፣ ይነሳ» ቢሉም የሚሰማቸው አልነበረም። ባለቤቴ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። የምታየኝ እኔን በምታይበት ዓይን አልነበረም፤ ከበስተኋላዬ የሆነ ሰው ቆሞ እሱን የምታናግር ይመስል ነበር።

«ልቀቀው» አለች። «ማንም ብትሆን ልቀቀው። ልጆች አሉት። እባክህ።»

እኔም በውስጤ ፈልጌ ነበር፤ የሚናገር ነገር ካለ ይናገር ብዬ ጠበቅኩ። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር። መንፈስ ከሆነ የገባ ነው፤ የገባ ደግሞ ይወጣል። ክረምቱን ሙሉ ተመላለስን። በዝናብ፣ በጉም፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ። በወደቅኩ ቁጥር «ሊለቀው ነው፣ እየታገለ ነው» ይባላል፤ እሷም ልብሴን ስትለውጥልኝ ፊቷ ይበራል። እግሬ ግን እየባሰበት ሄደ። በዱላ መሄድ ጀመርኩ። ስሄድ ዓይኔን ከእግሬ ላይ ማንሳት አልችልም፤ ካነሳሁ አለቀልኝ። ሰው ሰላም ሲለኝ ቀና ለማለት መጀመሪያ መቆም አለብኝ። መንገድ ላይ አጎንብሼ የማልፋቸው ሰዎች ኮርቷል አሉ አሉ። በምኑ ይኮራል ብሎ የጠየቀ የለም።

ትምህርት ቤት ሲከፈት እንደ ምንም ብዬ ክፍል ገባሁ። የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነኝ። የስሜት ሕዋሳትን ሳስተምር የቆየች ጨዋታ አለችኝ፤ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ልጆቹ እጄ ላይ አንድ ነገር ያስቀምጣሉ፣ በመዳሰስ ብቻ ምን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ ድንች ነው። ያን ቀን የቸገረኝ ድንቹ አልነበረም። ዓይኔን እንደጨፈንኩ ከጥቁር ሰሌዳው ስር ተዘረርኩ። ልጆቹ የጨዋታው ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ። ቀስ በቀስ ጭብጨባው ሲቀዘቅዝ እሰማለሁ፤ አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ርዕሰ መምህሩ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰደኝ፤ ባለቤቴም ተጠርታ መጣች።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዷ ብትሆን አይገርመኝም። ጫማዬን አስወለቀችኝ። እግሬን በመርፌ ጫፍ ነካ አደረገችው፤ «ኧረ!» ብዬ ሳብኩት። «ጎበዝ» አለች። እኔም ስላመመኝ እንደ ተማሪ ኮራሁ። ቀጥላ አንድ ሹካ የመሰለ ብረት መታ አድርጋ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አቆመችው።

«ምን ይሰማዎታል፣ ጋሼ?»

«ይቀዘቅዛል።»

«መንቀጥቀጡስ?»

«የቱ መንቀጥቀጥ?»

ብረቱን ደረቴ አጥንት ላይ አስቀመጠችው፤ እዚያ እንደ ንብ ጮኸብኝ። እግሬ ላይ ዝም ያለው ያው ብረት መሆኑን ማመን አቃተኝ።

«አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ» አለች። «አውራ ጣትዎን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አደርገዋለሁ። የቱ እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ተኝቼ ነው፤ ዓይኔን ብጨፍን የምወድቅበት የለም። ጨፍኜ ጠበቅኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ወረቀት ላይ የምትጽፈው ነገር ይኖራል ብዬ ታገስኩ። ሲቆይብኝ፦

«በይ ልጄ፣ ጀምሪ እንጂ» አልኳት።

ዓይኔን ገለጥኩ። ጣቴ በሁለት ጣቶቿ መሃል ነው፤ ሽቅብ ተቀልብሷል። ባለቤቴ በሩ አጠገብ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«ቆይታለች እኮ» አለችኝ። «ስታወጣው ስታወርደው ቆይታለች።»

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጣቷን ከእግሬ እስከ ጀርባዬ እያስኬደች አስረዳችኝ። ከእግር ወደ አንጎል የሚወጣው ወሬ መንገዱ አንድ አይደለም። ሕመም፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ በአንዱ ይሄዳሉ፤ እነሱ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ እንደገቡ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ማዶ ተሻግረው ነው ሽቅብ የሚወጡት። ረቂቁ ንክኪ፣ ንዝረት፣ እግሬ የት እንዳለ፣ ጣቴ መታጠፉንና መዘርጋቱን የሚናገረው ወሬ ደግሞ በሌላው ይሄዳል፤ እሱ ሳይሻገር በገባበት በኩል በጀርባ ይዞ እስከ ማጅራት ይወጣል፣ መሻገሩም እዚያ ነው። ወደ አንድ ከተማ ሁለት መንገድ እንዳለ ማለት ነው። የእኔ የተበላሸው ሁለተኛው ነው።

«እና መርፌው ያመኛል፣ እግሬ የት እንዳለ ግን አላውቅም?»

«አዎ ጋሼ። እስካሁን ያቆመዎት ዓይንዎ ነው። እግርዎ የማይነግርዎትን ዓይንዎ እያየ ሲነግርዎት ነበር። ዓይን ሲጨፈን የሚነግር ይጠፋል፤ ይወድቃሉ።»

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም። መንገዱ ሁለት ከሆነ፣ አንዱ መዘጋት ካለበት፣ የሕመሙ አይዘጋም ነበር? እሱን በደስታ እለቀው ነበር። ስንት ዘመን ልጆች ፊት ቆሜ የስሜት ሕዋሳት አምስት ናቸው ብዬ አስቆጥሬያለሁ፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስ፣ ቆዳ። እግር የት እንዳለ ማወቅ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማሁት ካጣሁት በኋላ ነው። በገበያ አማርኛ ስም እንኳን የለውም። ስም የሌለው ነገር ጠፋብኝ ብሎ ሰው ለማን ያመለክታል?

ባለቤቴ በቀስታ ጠየቀች። «ጸበሉ ላይስ፣ ዶክተር? ጸበሉ ሲነካው የሚወድቀውስ?»

«ውሃ ፊቱ ላይ ሲፈስበት ሰው ዓይኑን ይጨፍናል፣ እናቴ» አለቻት ሐኪሟ።

ወንበር ነበረ፤ ባለቤቴ ግን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ያኔ፣ ክረምት ሳይገባ ይዤው መጥቼ ቢሆን ኖሮ?»

«ቶሎ ሲሆን ይሻላል» አለች ሐኪሟ፤ ከዚያም ቶሎ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ደሜ ባሕር ዳር ሄዶ ተመረመረ። ጨጓራዬ አንድ ቫይታሚን አልቀበል ብሎ፣ በዚያ ምክንያት ነርቮቼ ሽፋናቸው እየተላጠ ኖሯል። መርፌ ታዘዘልኝ። «መርፌው ያለውን ይጠብቅልዎታል» አለች። «የሄደው ግማሹ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። አልዋሽዎትም።» ካህኑም ወሬውን ሲሰሙ ቤት ድረስ መጥተው «መርፌህንም ጸበልህንም አትተው» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። ባለቤቴንም ለቅጽበት አልወቀስኳትም፤ ነግሬያታለሁም። የነገርኳት ግን የገባት አይመስለኝም።

የቀረው ፈረሱ ነው። ሳይጋለብ ከርሞ ግቢውን በኮቴው ይቆፍረዋል። ወንድሜ ከጥርባ መጣና በአገውኛ፣ እናታችን ታናግረን በነበረበት ለስላሳ ድምፅ፣ ዳንግላ ወስጄ ልሽጠው አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቆሞ የሚበላ ፈረስ ለማን ይበጃል? እኔ ግን እሱን ከለቀቅኩ እግሬንም የለቀቅኩ መሰለኝ፤ ዳግመኛ የማልቆም መሰለኝ። «ጣቴ ላይና ታችን ካወቀ ፈረሱ ይቆያል» አልኩት። «ካላወቀ ጥር ሳይደርስ ና ውሰደው።»

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ባለቤቴ አልጋው ግርጌ ትቀመጣለች። ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ጣቴን ይዛ ታንቀሳቅሰዋለች። በመጀመሪያ ሰሞን የጣቴ ነገር የሚያሳፍር ነበር። «ወደ ላይ» ስል «አይ፣ ወደ ታች ነው»፤ «ወደ ታች» ስል «ኧረ ገና አልነካሁህም»። አንዳንዴ ተናድጄ እግሬን እነጥቃታለሁ፤ የት እንደነጠቅኩት ግን አላየውም። አንድ ጠዋት «ወደ ላይ» አልኩ፤ «ልክ ነህ» አለች። ደግማ እንድትለው አደረግኳት። ከዚያ ልኩ በዛ። ወንድሜ ሲመጣ «እያወቀ ነው፣ ተወው» አለችው፤ እሱም ደስ ብሎት ለፈረሱ ገብስ ሰጥቶት ሄደ። ስቆም አሁንም በዱላ ነው፣ ስሄድ አሁንም አጎንብሼ ነው፤ ግን ጣት ይቀድማል፣ እግር ይከተላል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ማታ ስተኛ ጠዋቱ ይናፍቀኝ ጀመር።

በቀደም እንደተለመደው ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ወደ ላይ» አልኩ።

«ልክ ነህ።»

«ወደ ታች።»

«ልክ ነህ።»

ድምጿ ከወትሮው ራቅ አለብኝ። ዓይኔን ገለጥኩ። እግሬ ብርድ ልብሱ ላይ ብቻውን ተጋድሟል፤ የነካው የለም። እሷ መስኮቱ ጋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ፣ ግቢ ውስጥ የታሰረውን ፈረስ ታያለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እንዳየኋት አላወቀችም።

ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።

«ወደ ላይ» አልኩ።

«ልክ ነህ» አለች።