እናቴ በቁሟ የተለቀሰላት ጠዋት

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጎንደር፣ ቀሃ ወንዝ ዳር፣ እኛው ሰፈር። እስከ ዛሬ ሳስበው መጀመሪያ ያስቀኛል፣ ቀጥሎ ሆዴን ያባባዋል። ለሰው ላወራው ስጀምር ሳቄ ስለሚቀድመኝ በወጉ ጨርሼው አላውቅም። እስቲ በጽሑፍ ልሞክረው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምኖረው ተወልጄ ባደግሁበት ቤት ነው። ቤታችን በወንዙ በኩል የመጨረሻው ነው፤ በጓሮ በር ወጥቶ ቁልቁል መውረድ ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ ይህ ትልቅ ክብር ነበር። የፋሲካ ሰሞን የሰፈሩ ጋቢና ብርድ ልብስ ሁሉ የሚታጠበው እዚያ ነው። እናቶቻችን የየራሳቸው ማጠቢያ ድንጋይ ነበራቸው፤ በሌላው ድንጋይ ላይ ማጠብ ጠብ መፈለግ ነው። እኛ ልጆቹ ልብሱን ሣር ላይ አስጥተን ስናበቃ ድንጋይ እንገለብጣለን፣ ከሥሩ ሸርጣን ሲወጣ እየጮህን እንሮጣለን። በጳጉሜን ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩ በሙሉ ወርዶ ይጠመቃል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ግን ማንም አይቀርም። አባቴ ጥርሱ እየተንገጫገጨ "አይበርድም፣ ግቡ!" ሲለን አሁንም ይታየኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ቧንቧ ገባ፣ ወንዙን የሚፈልገው ሰው እየቀነሰ ሄደ። የማይፈለግ ነገር ደግሞ መጣያ ይሆናል። ፌስታሉ፣ ያረጀው ፍራሽ፣ የሞተው ውሻ፣ ከላይ የሚለቀቀው ፍሳሽ፣ ሁሉም እዚያ። የጥንት ጎረቤቶቻችንም አንዳንዱ ቤቱን ሸጦ፣ አንዳንዱ ልጁን ተከትሎ ወደ አዘዞና ወደ ፀዳ ተበተነ። እናቴ ግን ንቅንቅ አልልም አለች።

የባሰው እግሯን ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ነው። አልጋዋ በወንዙ በኩል ካለው መስኮት ሥር ነበር። ግማቱ ስላስቸገራት መስኮቱን ዘጋን፣ ስንጥቁንም በጨርቅ ወተፍነው። እናቴ በቀን ጨለማ ውስጥ ትተኛ ጀመር። ፀዳ የሚኖረው ወንድሜ ሙሉቀን መጥቶ ይህን ሲያይ ተናደደ።

"ክረምት ገብቶ ይህ ቆሻሻ ከረጠበማ ጨርሶ አይቻልም። እምዬን እወስዳታለሁ" አለ።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሙሉቀን ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን የእናቴን ጀርባ አይቼ አልቻልኩም። "እስከ ክረምቱ ጊዜ ስጠኝ፤ ቆሻሻው ካልተነሣ ውሰዳት" አልኩት።

ይህን ያልኩት ጓደኞቼን ተማምኜ ነው። ስንታየሁ የሚባል የሰፈራችን መምህር "ወንዛችንን እኛው እንጠብቅ" ብሎ ጥቂት ሰዎች አሰባስቦን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦቲ አድርገን እንወርዳለን። ሽታውን፣ ቀለሙን፣ አረፋውን እናያለን። ድንጋይ እያነሣን ከሥሩ ምን እንደሚኖር እንመለከታለን፤ ውሃው ደኅና ከሆነ ብዙ ዓይነት ትንንሽ ነፍሳት ይገኛሉ፣ ከታመመ ግን ቀይ ትል ብቻ ነው። ከዚያ ቆሻሻ እንለቅማለን፣ ዳር ዳሩን ሸምበቆ እንተክላለን። ስንት ቅዳሜ ብንለፋም ቀይ ትሉ አልቀነሰም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከቤታችን ግርጌ ያለው የቆሻሻ ቁልል ዝናብ በጣለ ቁጥር ወደ ውሃው ይናዳል።

ያንን ቁልል በእጃችን ብቻ የምንችለው አልነበረም። ስንታየሁ ደጅ ጠንቶ ደጅ ጠንቶ የቆሻሻ መኪና አስፈቀደ። ለአንድ ቀን ብቻ። መኪናው ተገኘ፣ የሚጭን ሰው ግን ከየት ይምጣ? በስልክ መልእክት ላክን፣ በድምፅ ማጉያ ለፈፍን። ሰው "እሺ፣ እመጣለሁ" ይላል፤ የጎንደር ሰው በአፉ እምቢ አይልም፤ ሲመጣ ግን አይታይም።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። "ለአያ ደምሴ እንንገራቸው" አልኩ። አያ ደምሴ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። እሳቸው ነፍተው ያልሰማ ሰው የለም። ሁሉም "ሸጋ ሐሳብ ነው" አለኝ። አያ ደምሴም እሺ አሉ። በዚያውም ለሠራተኛው ጥላ ይሁን ብለን የእድሩን ድንኳን ተዋስን። ወንዙ ለኛ ቤት ስለሚቀርብ፣ ዓርብ ማታ ድንኳኑን ከነአግዳሚው እኛ በር ላይ ተከልነው።

በሰው በር ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ንጋት ላይ ጡሩምባ ሲነፋ ምን ማለት እንደሆነ እንኳን አዋቂ ሕፃን ያውቀዋል። በዚያ ላይ እናቴ ታማለች። እኛ ግን ያን ሰሞን ከቆሻሻው በቀር ሌላ ነገር አይታየንም ነበር።

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል አያ ደምሴ ዕድሜ ልካቸውን እንደለመዱት ረዘም አድርገው ነፉ። ከዚያ "ለወንዝ ጽዳት እማማ የሺ በር ላይ ተገናኙ" ብለው ተናገሩ። የሺ እናቴ ናት። ሰው ግን ጡሩምባ ከሰማ በኋላ የሚጠብቀው ስም ብቻ ነው። ስሙን ሲሰማ ሌላውን ማን ያዳምጣል! የሰማው ላልሰማው፣ አዘዞና ፀዳ ድረስ ሳይቀር፣ በስልክ አዳረሰ።

በደንብ ከነጋ በኋላ፣ እኔ ጓሮ ሆኜ ባዶ ጆንያዎቹን ሳስተካክል "ወይኔ እህቴ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ወደ በሩ ስወጣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው መንገዱን ሞልተውታል። ከፊት እማማ ዘውዴ ናቸው፤ ከእናቴ ጎን ሲያጥቡ የኖሩ፣ አሁን አዘዞ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ። እኔም ማን እንደሞተ ሳላውቅ ማልቀስ ጀመርኩ። ሰው ሲያለቅስ ዝም ይባላል እንዴ?

እማማ ዘውዴ አንገቴን አቅፈው "እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ" አሉኝ።

 እናቴን ከነጋ አላየኋትም። እኔ ጆንያ ስቆጥር እናቴ ሞታ፣ ሰው ሁሉ ከኔ ቀድሞ የሰማ መሰለኝ። ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በጨለማው ውስጥ ነጠላዋን ትዳብሳለች።

"ማን ሞቶ ነው? ጩኸቱ ከቅርብ ነው" አለችኝ። "ምነው ቆመሽ ታዪኛለሽ? ደግፊኝ እንጅ፣ ደርሼ ልምጣ።"

ብነግራት አታምነኝም፣ ባስቀራት አትቀርም። በአንድ እጇ ከዘራ፣ በአንድ እጇ እኔን ይዛ ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያነባች፣ ራሷ ለቅሶ ላይ ደረሰች። ድንኳኑ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አንድ ሽማግሌ ቆመው አማተቡ። እማማ ዘውዴ "በስመ አብ!" ብለው አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ።

"ማን ነው የሞተው?" አለች እናቴ።

ወንድሜ ሙሉቀን የደረሰው ይኼኔ ነው። ባጃጁ ሳይቆም ዘሎ ወርዶ፣ ደረቱን እየደቃ "እምዬ! ሳልደርስልሽ!" እያለ ሲመጣ ከእናቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ትልቅ ሰውዬ፣ የልጆች አባት፣ እግሯ ሥር ተደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። በኋላ ቀና ሲል ደግሞ ንዴቱ መጣ። "ይኼ ሟርት ነው! ማነው ጡሩምባ ያስነፋው?" ብሎ ጮኸ። እኔ ከእናቴ ጀርባ ተሸሸግሁ።

አያ ደምሴ ጡሩምባቸውን እንደያዙ እያለከለኩ ደረሱ። "ኧረ የወንዝ ጽዳት ነው ያልሁት! ኧረ በጊዮርጊስ! ጨርሶ የሚሰማኝ ሰው ልጣ?" አሉ።

 እናቴ ነገሩ ሲገባት ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ ሕዝቡን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። "ዘውዴ፣ አንቺ ነሽ? አያ በላይ፣ እርስዎም አሉ? የታደለች ልጅ አይደለሽ አንቺ?" ስንት ዓመት ያላየቻቸው ሰዎች ናቸው። ሁሉንም ስማ ስታበቃ ወደ ጆንያውና ወደ አካፋው ጠቆመች።

"ልትቀብሩኝ መጥታችሁ የለ? አካፋው ይኸውና። ለኔ የምትምሱትን ለዚያ ቆሻሻ ማሱለት። ሟርትም ከሆነ ውሃ ይውሰደው!"

ማን እምቢ ይበል? ሬሳ ተነሥቶ እያዘዘ! ወንዶቹ ጋቢያቸውን ድንኳኑ ገመድ ላይ ሰቀሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ስንታየሁ ጓንት ቢያድል ቢያድል አለቀበት። ከቁልሉ እስከ መኪናው ድረስ ተደርድረን ጆንያውን ከእጅ ወደ እጅ አቀባበልነው። መኪናው ሞልቶ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። ሙሉቀን የለቅሶ ኮቱን አውልቆ ከሁሉም በላይ ሲቆፍር ዋለ። እኔን አላናገረኝም፤ ግን ቆፈረ።

ከሰዓት በኋላ ቁልሉ እያለቀ ሲመጣ፣ ከሥሩ ዝርግ ድንጋይ ብቅ አለ። ቀጥሎ ሌላ። እማማ ዘውዴ ጭቃውን በእጃቸው ጠርገው "የኔ ድንጋይ! ይቺ የኔ ናት!" ብለው ጮኹ። ሴቶቹ ሁሉ ሥራውን ትተው ድንጋያቸውን ፍለጋ ወረዱ። የሞቱትንም ሴቶች ድንጋይ እየለዩ "ይኼ የእንትና ነው" ይባባላሉ። አንዷ የእናቷን ድንጋይ ስታገኝ ላዩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ይቺኛዋ እንባ እውነተኛዋ ናት። እኔም የእናቴን ድንጋይ አየሁት። መሐሉ ላይ ጎድጎድ ብሎ ለስልሷል። የልጅነት ልብሴ ሁሉ የታሸው እዚያ ላይ ነው፤ እጄን አሳረፍኩበት።

ጎረቤቶች ለለቅሶው ብለው ንፍሮ ቀቅለው ነበርና ያንኑ በላን። እናቴ ድንኳኑ ሥር ተቀምጣ የራሷን የለቅሶ ንፍሮ እየቆረጠመች "ጨው አንሶታል፣ ለኔ ነው እንዲህ የምትሰስቱት?" አለቻቸው። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ማምሻውን ሙሉቀን ውስጥ ገባና ከመስኮቱ ስንጥቅ ጨርቁን መዝዞ ጣለው። መስኮቱን በርግዶ ከፈተ። ለእናቴ "በይ እሺ፣ እዚሁ ሁኚ" አላት። እጁን ይዛ ወደ ውጭ ታይ ጀመር።

ወንዙ ዳነ ብዬ አልዋሽም። ዛሬም አንዳንድ ቅዳሜ አረፋው ከላይ እየጎረፈ ይመጣል፤ ውሃውም አይጠጣም። ግን ቆሻሻውን ማንም መልሶ አልጣለበትም፤ ከድንጋዮቹ ሥርም ከቀይ ትል ሌላ ነፍሳት ማግኘት ጀምረናል። እማማ ዘውዴም ከዚያ ቀን ወዲህ ባጃጅ ተሳፍረው ከአዘዞ እየመጡ ከእናቴ አልጋ ጎን ተቀምጠው ሲያወሩ ይውሉ ነበር።

እናቴ በተከታዩ ዓመት፣ በጥቅምት፣ መስኮቷ እንደተከፈተ አረፈች። አያ ደምሴ ነፉ። ከመንፋታቸው በፊት ግን በሬን አንኳኩተው "እውነት ነው፣ ልጄ?" ብለው ጠየቁኝ። ያው ድንኳን ያው በር ላይ ተተከለ፣ ያው ሰው ሁሉ መጣ።

በለቅሶው መሐል አንዷ አልቃሽ "የሺዬ፣ ይህን ሁሉ ሰው ምነው ቀና ብለሽ ብታዪው" ብላ ጀመረች። ለሟች ሁሉ የሚባል ነው፣ እኔም ስንት ለቅሶ ላይ ብዬዋለሁ፣ ስለውም አንጀቴ ይቆረጥ ነበር። ያን ቀን ግን አንጀቴ አልተቆረጠም። እያለቀስኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "አይታዋለች" አልኩ።