የየኔታን ኳስ ማን ይምታ?

ቦቼ የሚባለውን የጣሊያኖች የኳስ ጨዋታ ማሠልጠን የጀመርኩት በቅሎ ፍለጋ ሄጄ ነው። ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ቅኔ አስተምር ነበር። ከይጁቤ ገበያ የገዛኋትን በቅሎዬን ጣሊያኖች ውሃ ትጫንልን ብለው ወሰዱብኝ። ጉልበቴ ሕመምተኛ ነው፤ ያለ እሷ አምበር ድረስ ሄጄ እናቴን ማየት አልችልም።

ልለምን ካምፓቸው ስገባ አዛዣቸው ካፒታኑ ከወታደሮቹ ጋር የእንጨት ኳስ ያንከባልላል። ፓሊኖ የሚሏትን ትንሽ ኳስ አስቀድመው ይጥላሉ። ከዚያ ትልልቆቹን ወደ እሷ ያስጠጋሉ፤ የቀረበ ነጥብ ያገኛል። የሌላውን ኳስ መትቶ ማባረርም ይቻላል። ጢማም ሰዎች ለዚህ ሲጨቃጨቁ አይቼ «ወይ ጉድ! አገር የያዙብን እነዚህ ናቸው?» አልኩ በሆዴ።

አንዷ ኳስ ተንከባላ እግሬ ሥር ቆመች። አንስቼ ብመልስላቸው ሄዳ ፓሊኖዋ ጎን ቁጭ አለች። ካፒታኑ በአስተርጓሚው በኩል «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«መምህር ነኝ።»

«እንግዲያው በየሳምንቱ አንድ ተማሪ ይዘህ ና፤ ሁለት ለሁለት እንጫወት። አሥራ ሁለት ነጥብ ለመድረስ ከቀደማችሁኝ በቅሎህን ውሰድ።»

ሞኝ ነኝና ቀላል መሰለኝ።

ከወይራ ኳስ አስጠረብኩ። ከቅኔው በኋላ ተማሪዎቼን አሰልፌ አስወረውራለሁ፤ ርቀቱን የምንለካው በመቋሚያዬ ነው። አንዲት ጎረቤቴ «የጣሊያን ጨዋታ!» ብላ ሰላምታ ነሳችኝ። «በቅሎሽን ይውሰዱብሽና እናይሻለን» አልኳት።

ከሁሉም የሚበልጠው ዲያቆን ተሰማ ነበር፤ ጢሙ ከእኔ የሚረዝም ትልቅ ሰው። ከሃያ እርምጃ ላይ ያነጣጠረውን አይስትም። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ የእኔን ኳስ አይነካም። መንገዱ ላይ ከቆመችበት የራሱን ኳስ በጎኗ ያሳልፋል። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። እኔ ጅሉ ደግሞ ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

ስንት ሳምንት ተሸነፍን! በቅሎዬም ውሃ ተጭና በአጠገቤ ታልፋለች። አንድ ቀን ጠዋት ከአምበር «እናትዎ ታመው ጠንቶባቸዋል» የሚል መልእክት መጣብኝ። ከሰዓት በኋላ ስንጫወት አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ደረስን።

የቀረችው የተሰማ አንድ ኳስ ናት። የካፒታኑ ኳስ ፓሊኖዋ ላይ ተለጥፋለች። የእኔ ኳስ ደግሞ ከፊቷ ተገትራለች። ተሰማ የእኔን በኃይል ቢመታ የካፒታኑን ገጭታ ታባርራለች። ሌላ መንገድ የለም።

«ተሰማ፣ የእኔን ምታት!»

«ኧረ የኔታ! የእርስዎን ኳስ? ምድር ትዋጠኝ!»

«ምታት አልኩህ!»

«ቅኔ ያስቆጠሩኝን መምህሬን? ሰው ምን ይለኛል?»

ካፒታኑ «ምን ሆኑ?» ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው ሊያስረዳው ጀምሮ ሳቅ አፈነው።

«እናቴ ሳላያት ብትሞት ኀዘኑ በአንተ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ተሰማ ኳሷን አስቀምጦ ጉልበቴን ሳመ። «እንግዲያው አስቀድመው ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ! ምታ!»

ዓይኑን ጨፍኖ ወረወረ። ቋ! የእኔ ኳስ የካፒታኑን አባርራ በቦታዋ ተተካች። ካፒታኑ ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረ፤ በቅሎዋን ግን በገዛ እጁ ፈትቶ ሰጠኝ። ቃሉን መጠበቁን አልክድም።

በቅሎዬ «ሂጂ» ብላት ንቅንቅ አልል አለች። አስተርጓሚው «የለመደችው ጣሊያንኛ ነው፤ አቫንቲ ይበሏት» አለኝ። እኔ የቅኔ መምህሩ «አቫንቲ! አቫንቲ!» እያልኩ ገበያውን መሀል ለመሀል አቋረጥኩ።

አምበር ስደርስ እናቴ ተሽሏት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ስንዴ ትለቅማለች። እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ከዚያ ታሪኩን ስነግራት ስቃ ስቃ ሆዷን ያዘች።

«ታዲያ ልጄ፣ ማንም ሳይመታህ ነው ጎበዝ ነኝ ስትል የከረምከው?» አለችኝ።



እንደተመለስኩ ደንብ አወጣሁ፤ ልምምድ የሚጀመረው የእኔን ኳስ በመምታት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም መቱኝ፤ ይፍቱኝ ያለ አንድም አልነበረም። ጣሊያን ከወጣ በኋላም በእነዚያው የወይራ ኳሶች እስከ እርጅናዬ አሠልጥኛለሁ፤ ደንቡን አልለወጥኩም። ተማሪው ኳሱን ያልመታበት መምህር ችሎታው ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም።