ያልተለካች በኩር

ልጅ ሳለሁ ቁመቴን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ልብስ ሰፊ ቤት ተወልጄ፣ በመቀስና በሜትር መሐል አድጌ፣ ትከሻዬንም ወገቤንም የለካኝ የለም። ልብስ ሰፊው አያቴ ቀሚሴን በዓይናቸው ገምተው ይቆርጡና እጅጌው ሁልጊዜ ጣቶቼን አልፎ ይወርድ ነበር። ታናሽ ወንድሜ አብዱ ግን በየኢዱ ከበሩ ጀርባ በሚንጠለጠለው ቢጫ ሜትር ሲለካ፣ ደረቱን ነፍቶ በጎን ያየኛል። በቅናት እቃጠል ነበር።

ቤታችን መርካቶ፣ ከጨርቅ መደብሮቹ ጀርባ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጓዳው መኖሪያ። አባቴ የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ሹፌር ስለነበር ቤቱን የያዙት እናቴና አያቴ ነበሩ። ያኔ፣ በመግሪብና በኢሻ ሶላት መካከል፣ ተሸካሚዎቹ የመጨረሻውን ጭነት አራግፈው የሱቆቹ የብረት መዝጊያ እየተንኳኳ ሲወርድ፣ አያቴ ፋኖስ ለኩሰው የቀኑን የመጨረሻ ኮት ይተኩሱ ነበር። መብራት እንደልቡ ስለሚጠፋ የሚተኩሱት በከሰል ካውያ ነው። ፍሙን ማራገብ ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። በቤታችን ልማድ የበኩር ልጅ ሜትር አይነካም፤ ሥራ ፈት እንዳይሆን ግን ካውያው ይሰጠዋል። እናም ከካውያው ሥር ባለችው በርጩማ ላይ ማራገቢያዬን ይዤ፣ ጢሱን እየማግሁ፣ ተረቱን ከማንም ቀርቤ እሰማ ነበር።

ብዙ ተረት ነግረውናል፤ የማስታውሰው ግን አንዱን ነው።

የአያቴ አባት በዚያችው ክፍል ሲሰፉ፣ አንድ ቀን ሲመሻሽ ፊቱን በጋቢ የሸፈነ ሰው መጣ። ወንድሙ እንደሞተበትና ከፈን፣ የሬሳ መጠቅለያውን ማለት ነው፣ እንዲቆርጡለት ጠየቀ። «ቁመታችን አንድ ነው፤ እኔን ለካኝ» አላቸው። በሕይወት ላለ ሰው ከፈን እንደማይለካ የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ሲለኩ ውለው ነበርና እጃቸው ቀደማቸው፤ ሜትሩን ከተረከዙ እስከ አናቱ ዘረጉት። ሰውየው ቀዝቃዛ ነበር። ጨርቁን ተቀብሎ ሲወጣ «የተረፈውን ለበኩር ልጅህ አስቀምጥለት» አለ። በማግስቱ ቁመቱን ነግረው ሰፈሩን ቢያጠያይቁ፣ እንዲህ ያለው ሰውማ ከተቀበረ ሦስት ቀኑ ነው አሏቸው።

አያቴ እዚህ ሲደርሱ ካውያውን ያስቀምጡና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ከዚያ ወዲህ የበኩሮቻችንን ልክ ይፈልጋል። ልኩን ያገኘ ዕለት ትንፋሽ ይወስዳል።» የአያቴ ታላቅ እህት በልጅነቷ ትንፋሽ አጥሯት ሞታለች። የአያቴ የመጀመሪያ ልጅ፣ ያላየሁት አጎቴ ዑመርም እንደዚያው። ከዚያ ተራው የእኔ ነበር።

ደረቴ ሲያፏጭ ታዲያ የሚደነግጥ አልነበረም። ጎረቤት ከጠየቀ «የቤታችን ነው» ይባላል፤ በቃ። ጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ ያወጣሉ፣ ቁመት ይለካሉ፤ ስለዚህ አይወስዱኝም። ስተኛ ጉልበቴን አጥፌ ኩርምት እል ነበር፣ ጨለማው ቁመቴን እንዳያውቅ። በሩ ሲከፈት ሜትሩ ከጀርባው ሲወዛወዝ፣ የሚፈልገኝ ሰው የገባ ይመስለኝና እስኪረጋ ድረስ አልተነፍስም።

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ በሩን ዘግተን እንድንቀመጥ ባስገደደን ምሽት፣ ተረቱ ሰውየው ፊቱን ሸፍኖ የሚገባበት ላይ እንደደረሰ ማራገቢያው ከእጄ ወደቀ። አየር አልገባ አለኝ። እናቴ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ከንፈሬን በፋኖሱ ብርሃን አየችና አንስታ አዘለችኝ። አያቴ በሩ ላይ ቆሙ።

«ዘይነባ፣ እዚያ እኮ ይለኳታል!»

«ይለኳት፣ አባባ! እዚህስ ምን ልትሆን ነው?»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ፊቴ ላይ የመተንፈሻ ጭምብል አደረጉልኝ፤ ቀስ በቀስ አየሩ ተመለሰ። ከዚያ መድኃኒቱ በኪሎዋ ነው የሚታዘዘው ብላ ነርሷ ሚዛን ላይ አቆመችኝ፤ የቁመት መለኪያውንም አናቴ ላይ አወረደችው። «መቶ አሥራ ሁለት» አለች ጮክ ብላ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ሲያልፍ የእናቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸግሁ። ነርሷ ግን እናቴን ስለ ቤታችን ትጠይቅ ነበር።

«ቤት ውስጥ ከሰል ታነዳላችሁ?»

«ለካውያ።»

«አጠገቡ የሚቀመጠው ማነው?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

ስንመለስ አያቴ ግድግዳውን ተደግፈው፣ የሜትሩን ጫፍ በተረከዛቸው ረግጠው፣ እስከ አናታቸው ዘርግተውት ነበር። ቁመታቸው ላይ ቋጠሮ ቋጥረውበታል። «ያ ሰው ልኳን ሰምቶ ከሆነ፣ በእሷ ፈንታ እኔን ያግኘኝ» አሉ። እናቴ ግን ነርሷ የጠየቀቻትን ነገረቻቸው። አያቴ ካውያውን አዩ፣ በርጩማዋን አዩ።

«ዑመርም እዚችው ላይ ነበር የሚቀመጠው» አሉ በመጨረሻ። «እህቴም።»

ያን ሌሊት በጓዳው መጋረጃ በኩል ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ካውያው ዳግመኛ ቤት ውስጥ አልተለኮሰም፤ ተረቱም አልተነገረም። ደረቴ ዳነልኝ። ሜትሩን ግን የሰጠኝ የለም፤ መስፋት ስመኝ የስፌት መኪናው ለአብዱ ሆነ። እኔ ዛሬ እዚያው መርካቶ፣ ዱባይ ተራ፣ ልኩ ባሕር ማዶ ተወስኖ የመጣ ልብስ እሸጣለሁ። ደንበኛ ሲገባ ቁጥሩን በዓይኔ ገምቼ እነግረዋለሁ፤ ተሳስቼ አላውቅም። አያቴ ብዙ ዓመት ኖረው፣ አርጅተው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሞቱ። የዕድሜ ልክ ጢስ ነው አለ ሐኪሙ። እኔም ጢስ ነው እላለሁ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ።

በቅርቡ የመጀመሪያ ልጄን ለምርመራ ወሰድኋት። ነርሷ ፈገግ ብላ ሜትሯን ስትዘረጋ ልጄ ደስ ብሏት ቀጥ ብላ ቆመች። እጄ የነርሷን የእጅ አንጓ ጨምቆ መያዙን ያወቅሁት፣ ነርሷ ፊቷ ሲለዋወጥ ነው።

«ምነው፣ እናቷ?»

ጢሱን አውቃለሁ፤ በርጩማዋንም አውቃለሁ። ግን ከጀርባዬ የክፍሉ በር ሲከፈት ሰማሁ፣ ለመዞርም አልደፈርሁም። ጫማዬን አወለቅሁና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ።

«መጀመሪያ እኔን ለኪኝ» አልኋት።