ያልተገናኘው የአቶ ላምቤቦ ጥሪ

ይህ ነገር የገጠመኝ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ሆሳዕና ስልክ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የልጅ ልጆቼን ስም እንኳ ስለማደባልቅ ይስቁብኛል። ይህን ግን ልርሳው ብልም አልሆነልኝም። ስልክ ሲጮህ ትዝ ይለኛል፤ ዛሬ ደግሞ ስልክ የማይጮህበት ቦታ የት አለ?

ሥራዬ ከባድ አልነበረም፣ አሰልቺ ነበር እንጂ። ወር በመጣ ቁጥር ሪፖርት አዘጋጃለሁ። ስንት ጥሪ ተጠየቀ፣ ስንቱ ተገናኘ፣ ስንቱ ሳይገናኝ ቀረ፣ ሰው ተራ እስኪደርሰው ምን ያህል ጠበቀ፣ መስመሩ ለስንት ሰዓት ተበላሸ፤ ይህን ሁሉ ደምሬ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ያን ጊዜ ዋናው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር አስገብቶ ነበር። አንድ ክፍል ሙሉ የሚይዝ ማሽን ነው ይባል ነበር፤ እኔ በዓይኔ አላየሁትም። የየከተማው ሪፖርት እሱ ውስጥ ይገባና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደ አንሶላ የሰፋ ወረቀት ሆኖ ይመለስልናል። ወረቀቱ ላይ የእያንዳንዱ ከተማ የሥራ ብዛትና ቅልጥፍና በደረጃ ተቀምጧል።

ሆሳዕና በሥራ ብዛት ደህና ነበረች። በቅልጥፍና ግን ጭራ ነበርን። በተለይ ተጠሪው እያለ ሳይገናኝ በቀረ ጥሪ የሚስተካከለን ከተማ አልነበረም። ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን ወረቀቱን ይዘረጋሉ፣ ያጥፉታል፣ ደግሞ ይዘረጉታል።

«ይሄ ማሽን ምን አድርጌው ነው?» ይሉኛል፣ እኔ የማሽኑ ዘመድ የሆንኩ ይመስል።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ምክንያቱ አቦነሽ ነበረች። አቦነሽ ኦፕሬተራችን ናት፤ የሆሳዕና ልጅ፣ አማርኛም ሀዲይኛም የምታቀላጥፍ፣ ስልክ ላይ ስትናገር ሰው ቶሎ የሚረጋጋላት ሴት። እሷ ታዲያ መርዶ አታገናኝም። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ወይም ከሻሸመኔ እያለቀሰ ደውሎ «እገሌን ጥሩልኝ» ሲላት «አልመጡም፣ አይዞህ» ትልና የመስመሩን ገመድ ከማገናኛ ሰሌዳው ትነቅላለች። ወዲያው የስልክ ቤቱን መልእክተኛ ወደ ዘመድ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ትልካለች። እነሱ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ሄደው በወጉ ያረዳሉ። ሰው በዚያች ጠባብ የስልክ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆሞ የልጁን ሞት አይሰማም። ከተማው በዚህ ይመርቃት ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሚያለቅስን ሰው «ሞተ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ በእኛ አገር የለም። አቦነሽም አትጠይቅም። ከልቅሶው ትረዳለች።

ማሽኑ ግን ምክንያት በቁጥር ይፈልጋል። አንድ ማለት መስመሩ ተበላሽቷል፤ ሁለት ማለት ተጠሪው አልተገኘም፤ ሦስት ማለት ጠሪው ራሱ ትቶታል። መርዶ ቁጥር የለውም። እኔ እውነቱን ልጻፍ ብዬ ያለ ቁጥር ስተወው ማሽኑ በእኛ ጥፋት ይቆጥረዋል።

«አራተኛ ቁጥር ይጨመርልን ብለን እንጻፍላቸው» አልኳቸው አንድ ቀን ለአቶ ጌታሁን።

«ምን ብለን? ለቅሶ ብለን?»

«መርዶ ብለን።»

ትንሽ አሰቡ። የሰሜን ሰው ናቸው፤ የመርዶን ወግ ለእሳቸው ማስረዳት አያስፈልግም። «ይስቁብናል» አሉ፣ ግን ጻፉ። መልስ እስኪመጣ ድረስ ሁሉንም ሁለት ቁጥር ላይ እንድከታቸው ተስማማን።

አቶ ላምቤቦ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። የሞርሲቶ ገበሬ ናቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ነጠላቸውን ሁልጊዜ አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ የሚያደርጉ። ልጃቸው ማርቆስ ጊምቢቹ በምትባል ከተማ አስተማሪ ነበር። ሆዱን ታሞ ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ልከውታል፤ አብሮት የሚያስተምር ጓደኛው ዮሐንስ ነው ይዞት የሄደው። አባትየው ያልሄዱት ሚስታቸው ታመው አልጋ ላይ ስለነበሩ ነው። ዮሐንስ አስቀድሞ ደውሎ መልእክት ትቶ ነበር፤ ማርቆስ ዓርብ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው፣ ሐሙስ ዕለት ከአባቱ ጋር በስልክ እንዲነጋገር አደርጋለሁ፣ መጥተው ይጠብቁ የሚል።

ሐሙስ ጠዋት በር ስንከፍት አቶ ላምቤቦ ደጅ ቆመው አገኘናቸው። ገብተው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ቀና ይላሉ፣ የሌላ ሰው ስም ሲጠራ ደግሞ ወደ ወለሉ ይመለሳሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ወጣ ብለው እህል እንዲቀምሱ ብለምናቸው «እኔ ወጥቼ ቢደውልስ?» አሉኝ። እኔም የወሩን ሪፖርት እየደመርኩ ስለነበር ወደ ቁጥሬ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባ መስመር ጠራ። አቦነሽ ማዳመጫውን እንዳደረገች ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ወደ አቶ ላምቤቦ አላየችም፤ አለማየቷ ነው እኔን ያስደነገጠኝ። ትንሽ አዳመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አልመጡም፣ አይዞህ» አለች። ገመዱን ነቀለች።

ከዚያ ተነስታ ወደ አቶ ላምቤቦ ሄደች። በሀዲይኛ ነው ያናገረቻቸው፤ እኔም እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ እሰማለሁ።

«አባቴ፣ መስመሩ ተበጥሷል። ዛሬ የሚሠራ አይመስለኝም። ሳይመሽብዎት ወደ ቤትዎ ይግቡ፤ ሲጠገን ሰው እልክብዎታለሁ።»

አቶ ላምቤቦ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር፤ ተውት። መርቀዋት ወጡ።

«ዮሐንስ ነው» አለችኝ በሩ ሲዘጋ። «የማርቆስን ስም ጠርቶ መጨረስ አልቻለም። ልቅሶ አፈነው።» ዓይኗ እንባ ሞልቶ መልእክተኛውን ወደ ሞርሲቶ ሽማግሌዎች ላከችው።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ አቶ ላምቤቦ ቤት ሄደው አረዷቸው። መንደሩ በልቅሶ ተናጠ። ወንድሞቻቸው አስከሬን ሊያመጡ በጠዋቱ አውቶብስ ተሳፈሩ። ይህን ሁሉ መልእክተኛው ተመልሶ ነገረን።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባ መስመር እንደገና ጠራ። ዮሐንስ ነበር። በዚህ ጊዜ አላለቀሰም። አቦነሽ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ አንስታ ስለያዘችው ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

«መርዶ ነው» አለ። «ማርቆስ ዛሬ በስድስት ሰዓት ሐኪሞቹ እጅ ላይ አረፈ። አባቱ ብቻቸውን እንዳይሰሙ ለሽማግሌዎች ንገሩልን።»

«ዛሬ?» አለች አቦነሽ።

«ዛሬ። ትናንትማ ቀጥ ብሎ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሐኪሙ ተስፋው የመነመነ ነው ብሎኝ፣ እሱ ፊት እንዴት ልቻለው? እንባ ቀደመኝ። አባቱ አልመጡም ስትይኝ ለእሱ ነገርኩት።»

አቦነሽ ምን ብላ እንደዘጋች አላስታውስም። ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። መስመሮች ሲጠሩ አላነሳችም። አቶ ጌታሁን ከክፍላቸው ወጥተው ሊቆጡ ነበር፤ ፊቷን ሲያዩ ራሳቸው ሰሌዳው ላይ ተቀመጡ።

የወሩን ሪፖርት ስጨርስ ያችን የሐሙስ ጥሪ እንደ ሌሎቹ ሁለት ቁጥር ላይ ከተትኳት። ተጠሪው አልተገኘም። ሌላ የት ላስገባት?

ከዚያ በኋላ አቦነሽ ሁሉንም ማገናኘት ጀመረች። የሚያለቅሰውንም፣ የማያለቅሰውንም። ሰው ከስልኩ ክፍል እየጮኸ ሲወጣ ማየት ለመድን። ሲመርቋት የነበሩ ሰዎች ልቧ ደነደነ፣ ምን ነካት ይሏት ጀመር። በኮምፒዩተሩ ወረቀት ላይ ደግሞ ሆሳዕና ከጭራ ተነስታ ወደ ላይ ወጣች። ከአዲስ አበባ የምስጋና ደብዳቤ መጣልን። አብሮም የጠየቅነው ተፈቀደ፤ መርዶ ከእንግዲህ አራት ቁጥር ነው ተባለ። አቶ ጌታሁን ደብዳቤውን ለአቦነሽ ሳያሳዩ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እዚያ ቁጥር ላይ የሚገባ ጥሪ አልነበረንም።

አቶ ላምቤቦ ሐዘናቸውን ከተቀመጡ በኋላ አንድ የገበያ ቀን መጡ። ሁሉን ከዮሐንስ እንደሰሙ ከአገባባቸው ገባኝ። አቦነሽ ከመቀመጫዋ ተነስታ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዘው አስቆሟት።

«ለወቀሳ አልመጣሁም፣ ልጄ» አሏት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ያን ቀን የማርቆስን ድምፅ ሰምተሻል?»

አቦነሽ ለእኔም ለማንም ያልተናገረችውን ያን ጊዜ ተናገረች።

«ከዮሐንስ ኋላ አንድ ድምፅ ነበር። ‹መጣ ወይ? መጣ ወይ?› ይላል። ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።»

«እሱ ነው» አሉ ሽማግሌው። «አንቺስ ምን አልሽ?»

«አልመጡም አልኩ።»

አቶ ላምቤቦ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው እንደገና አጣጠፉት።

«መስመሩ ተበጥሷል ስትዪኝ» አሏት፣ «ምናልባት ሲጠገን ቢደውል፣ አባትህ ጠዋት መጥቶ ሲጠብቅህ ነው የዋለው በዪልኝ ልልሽ ነበር። ሥራ ላይ ነች፣ ምን ላስቸግራት ብዬ ተውኩት።»

መርቀዋት ወደ ሞርሲቶ ተመለሱ። አቦነሽም ዓመት ሳይሞላ ሥራውን ለቀቀች፤ አግብታ ወደ ዳምቦያ ሄደች ሲሉ ሰማሁ።

እኔ አቦነሽን ወቅሻት አላውቅም። በደግነት የሠራችው ነው፤ እኔም በቦታዋ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። አንዳችን አንድ ቃል ብንጠይቅ ኖሮ እያልኩ ግን እስከ ዛሬ እንገበገባለሁ። እሷ ዮሐንስን ብትጠይቅ፣ ዮሐንስ እሷን ቢጠይቅ፣ ሽማግሌውም አፋቸው ላይ የደረሰውን ቢናገሩ። ሁላችንም ጨዋ ሆነን ዝም አልን። ሞቱስ የሐኪምም የእግዚአብሔርም ጉዳይ ነው። የሚቆጨኝ ማርቆስ አባቴ ቀረብኝ ብሎ መሞቱ ነው። አልቀሩም ነበር፤ ከጠዋት ጀምረው እዚያው ነበሩ።